ዊልሄልም ማይባክ፦ ከወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ እስከ ካርቡሬተር ፈጠራ

የአሮጌ መኪና ባለቤት የሆነ ሰው ጠዋት ወደ ሥራ ገበታው ለመሄድ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ተነስቶ ወዲያው ቢጠፋበት፣ የትራፊክ መብራት ይዞት ሲቆም ቢንቀጠቀጥበት ወይም ዳገት ላይ ጉልበት ቢያንሰው፣ ጥርጣሬው በቅድሚያ የሚያርፈው ከአየር ማጣሪያው ሥር በተገጠመች አንዲት የብረት ዕቃ ላይ ነው። የጋራዥ ባለሙያዎች ከጣሊያንኛ በወረሱት አጠራር ካርቡራቶር፣ መጻሕፍት ደግሞ ካርቡሬተር የሚሏት ይህች ዕቃ ቤንዚንን ከአየር ጋር መጥና በመቀላቀል ወደ ሞተሩ የምታስገባ ናት። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለአሥርት ዓመታት ያገለገሉት ቮልስዋገኖችና ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡት የላዳ ታክሲዎች በሙሉ የሚንቀሳቀሱት በእርሷ አማካይነት ነበር።

ዕቃዋ ዛሬ የምትታወቅበትን መሠረታዊ አሠራር ያገኘችው እ.ኤ.አ በ1893 በደቡብ ጀርመን፣ ካንሽታት በተባለች ከተማ፣ አገልግሎት መስጠት ባቆመ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። የሠሯት ሰው ዊልሄልም ማይባክ ይባላሉ። ስማቸው ዛሬ በውድ አውቶሞቢሎች ላይ ተለጥፎ ቢታይም፣ የሕይወት ታሪካቸውን የሚያውቅ ሰው ግን ብዙ አይደለም።

ማይባክ እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1846 ሃይልብሮን በተባለች ከተማ ከአናጢ አባት ተወለዱ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው፣ በአሥር ዓመታቸው ደግሞ አባታቸው በሞት ተለዩ። ዘመዶቻቸው ልጆቹን የሚቀበል ደግ ሰው እንዲገኝ ሽቱትጋርት በሚታተም ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጡ። ለጥሪው ምላሽ የሰጠው የፕሮቴስታንት ሰባኪው ጉስታቭ ቬርነር ሮይትሊንገን ከተማ ውስጥ ያቋቋሙት የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲሆን፣ ድርጅቱ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ከማሳደግ ባሻገር የራሱ የማሽን ፋብሪካ ነበረው። ታዳጊው በዚያው የንድፍ ሥራ ተማሩ። ቀን በሥራ፣ ማታ ደግሞ በከተማው ትምህርት ቤት የሒሳብና የፊዚክስ ትምህርት በመከታተል አደጉ። ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድል ግን አላገኙም።

እ.ኤ.አ በ1863 ጎትሊብ ዳይምለር የተባሉ መሐንዲስ የፋብሪካው ኃላፊ ሆነው ወደ ሮይትሊንገን መጡ። ዳይምለር ከማይባክ በ12 ዓመት ይበልጣሉ። የወጣቱን የንድፍ ችሎታ ካስተዋሉ በኋላ ሁለቱ ሰዎች እስከ ዳይምለር ሞት ድረስ የዘለቀ የሥራ ወዳጅነት መሠረቱ። ዳይምለር እ.ኤ.አ በ1869 ወደ ካርልስሩሄ ሲዛወሩ ማይባክ ተከተሏቸው፤ በ1872 ኮሎኝ አጠገብ ወደሚገኘው የዶይዝ የጋዝ ሞተር ፋብሪካ ሲያቀኑም እንዲሁ። ሐሳብ የማመንጨት፣ ገንዘብ የማፈላለግና ከሹማምንት ጋር የመነጋገሩ ድርሻ የዳይምለር ሲሆን፣ ሐሳቡን በወረቀት ላይ ነድፎ ወደሚሠራ ብረት የመለወጡ ድርሻ ደግሞ የማይባክ ነበር።

በዶይዝ ፋብሪካ ኒኮላውስ ኦቶ እ.ኤ.አ በ1876 በአራት ምት የሚሠራውን ሞተር ይፋ ሲያደርጉ፣ የፋብሪካው ዋና ንድፍ አውጪ የነበሩት ማይባክ ሞተሩን በብዛት ለማምረት በሚያመች መልክ አስተካክለዋል። ያ ሞተር ግን ከባድ፣ በደቂቃ ከ200 ዙር የማያልፍ፣ ወለል ላይ ተተክሎ ከከተማ የጋዝ መስመር የሚመገብ ነበር። ዳይምለር የሚያልሙት ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስና ለማንኛውም ተሽከርካሪ የሚበጅ ቀላል ሞተር ስለነበር ከኦቶ ጋር መስማማት ባለመቻላቸው እ.ኤ.አ በ1882 ፋብሪካውን ለቀው ወደ ካንሽታት ሄዱ። በ1878 ትዳር የመሠረቱትና የአንድ ልጅ አባት የሆኑት ማይባክም የተረጋገጠ ደመወዛቸውን ትተው ቤተሰባቸውን ይዘው ተከተሏቸው።

ሁለቱ ሰዎች ሥራቸውን የጀመሩት በዳይምለር መኖሪያ ቤት ግቢ ውስጥ፣ ለአትክልት ማሳደጊያነት በተሠራ የመስታወት ቤት ነው። ምስጢራቸውን አጥብቀው ይጠብቁ ስለነበር ሌት ተቀን የሚሰማው የብረት ድምፅ ያሳሰበው የግቢው አትክልተኛ ሐሰተኛ ገንዘብ እያተሙ ነው ብሎ ለፖሊስ መጠቆሙ ይነገራል። ፖሊሶች በሌሊት ገብተው ሲፈትሹ ያገኙት የመሥሪያ ዕቃዎችና ሞተር ብቻ ነበር።

ከጋዝ መስመር ተላቆ የሚንቀሳቀስ ሞተር ፈሳሽ ነዳጅ ያስፈልገዋል። ቤንዚን በዚያን ዘመን የልብስ እድፍ ማስለቀቂያ ሆኖ በመድኃኒት ቤት የሚሸጥ ፈሳሽ ነበር። ፈሳሹ በቀጥታ አይቀጣጠልም፤ መጀመሪያ ወደ ተንነት ተለውጦ ከአየር ጋር መቀላቀል አለበት። ለቤንዚን ተስማሚው ምጣኔ በክብደት ሲሰላ 1 እጅ ቤንዚን ለ14 ነጥብ 7 እጅ አየር ሲሆን፣ ከዚህ በእጅጉ ከራቀ ሞተሩ ወይ አይነሳም ወይ ጭስ ይተፋል። እ.ኤ.አ በ1885 ማይባክና ዳይምለር የሠሩት የመጀመሪያ ካርቡሬተር አየር በተጠራቀመ ቤንዚን ላይ እንዲያልፍና ተንነቱን ይዞ እንዲሄድ የሚያደርግ ነበር። በዚህ ካርቡሬተር የሚመገበው ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በደቂቃ 600 ዙር ይዞር የነበረ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ከእንጨት በተሠራ ባለሁለት እግር ተሽከርካሪ ላይ ተገጥሞ በሰዓት እስከ 12 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ በቅቷል። ዓለም የመጀመሪያው ሞተር ብስክሌት የሚለው ይህንኑ ነው።

ይሁንና የአሠራሩ ድክመት ውሎ ሲያድር ታየ። ከቤንዚን ውስጥ ፈጥኖ የሚተነው ቀላሉ ክፍል በመሆኑ ጉዞው በረዘመ ቁጥር ከታች የሚቀረው ከባዱና በቀላሉ የማይተነው ዝቃጭ ነበር። ስለዚህም ሞተሩ በጉዞው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ አንድ ዓይነት ጠባይ አልነበረውም። ቀኑ ሲቀዘቅዝ ተንነቱ ያንሳል፤ መንገዱ ወጣ ገባ ሲሆን ፈሳሹ ይናወጣል። ሞተሩን ከፍ ማድረግ ሲፈለግም ካርቡሬተሩን ከሞተሩ በላይ በሆነ መጠን ማስፋት ግድ ይሆን ነበር።

መፍትሔው የተገኘው ማይባክ ቋሚ ሥራ ባልነበራቸው ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ በ1890 ባለሀብቶች የተሳተፉበት የዳይምለር ሞተር አክሲዮን ማኅበር ሲመሠረት፣ አዲሶቹ ባለአክሲዮኖች ለማይባክ ያቀረቡት የቅጥር ውል ተቀባይነት የሌለው ሆኖ በማግኘታቸው በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ማኅበሩን ለቀቁ። በገዛ ማኅበራቸው ውስጥ ሥልጣናቸው እየተሸረሸረ የነበሩት ዳይምለር ግን ወዳጃቸውን አልተዉም። ወጪውን ከራሳቸው እየሸፈኑ ማይባክ ጥናታቸውን እንዲቀጥሉ አደረጉ፤ በ1892 ደግሞ ካንሽታት ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን የኸርማን ሆቴል የሥራ ቦታ አድርገው ሰጧቸው። አዲሱ ካርቡሬተር በሚቀጥለው ዓመት ከዚያ አዳራሽ ወጣ።

የማይባክ አዲስ ሐሳብ ቤንዚኑ ራሱ እስኪተን ከመጠበቅ ይልቅ በኃይል ተረጭቶ እንዲበታተን ማድረግ ነበር። ቤንዚኑ በቅድሚያ ወደ አንድ ትንሽ ሣጥን ይገባል። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ፈሳሹ ሲሞላ ከፍ ብሎ የመርፌ ቅርጽ ባለው መዝጊያ መግቢያውን ይዘጋል፤ ሲጎድል ደግሞ ዝቅ ብሎ ይከፍታል። በዚህ መንገድ የነዳጁ ከፍታ ዘወትር ከመርጫው ቀዳዳ አፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይረጋል። ፒስተኑ ሲወርድ የሚስበው አየር በቀጭኑ መርጫ ዙሪያ በፍጥነት ሲያልፍ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ቤንዚኑ በመርጫው ተስቦ ይወጣና እንደ ጉም ይበተናል። ማኅበረሰቡ በየቤቱ ከሚያውቀው የቡና ቤት ሽንት ቤት ውኃ ማጠራቀሚያ ኳስ ጋር አሠራሩ ተመሳሳይ መሆኑን ልብ ይሏል። ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል በዓለም ላይ የተሠሩት ካርቡሬተሮች በአብዛኛው ይህንኑ ተንሳፋፊና መርጫ ይዘው የተሠሩ ናቸው።

በዚያው እ.ኤ.አ በ1893 ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ የተባሉ የሃንጋሪ መሐንዲሶች ተመሳሳይ አሠራር ያለው ካርቡሬተር ማስመዝገባቸው ይታወቃል። በሃንጋሪ የካርቡሬተር ፈጣሪ ተብለው የሚከበሩት እነርሱ ናቸው፤ ክርክሩም ተገቢነት አለው። የማይባክ ሥራ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሰፊ ሥርጭት ያገኘው በከፊል የፈረንሳዩ ፓናርና ለቫሶር ኩባንያ የዳይምለርን ሞተሮች በፈቃድ ያመርት ስለነበር ነው።

ማይባክ ያልፈቱት ችግርም ነበር። መርጫቸው ለአንድ ፍጥነት ሲስተካከል ለሌላው አይስማማም፤ ሞተሩ ሲፈጥን ቤንዚኑ ከሚፈለገው በላይ ይበዛል። እ.ኤ.አ በ1902 አርተር ክሬብስ የተባሉ ፈረንሳዊ ተጨማሪ አየር በራሱ የሚያስገባ መሣሪያ በመሥራት ችግሩን አቃለውታል። ከዚያ በኋላ ለዝግታ ዙር የተለየ ቀጭን መስመር፣ ለቀዝቃዛ ማስነሻ ቾክ፣ ነዳጅ በድንገት ሲሰጥ ተጨማሪ ቤንዚን የሚረጭ ፓምፕ እየተጨመሩ መጡ። ዛሬ ባለ ካርቡሬተር መኪና ያለው ሰው በቤቱ ሆኖ ብልሽት ሲፈልግ በተግባር የሚያደርገው ይህንን የፈጠራ ቅደም ተከተል መከተል ነው።

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ አልነሳ ካለ የሚጠረጠረው ቾኩ ነው። ተነስቶ በዝግታ ዙር፣ መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት፣ ላይ የማይረጋ ከሆነ የዝግታው ቀጭን ቀዳዳ ተደፍኗል ወይም በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል ባለው ጓርኒሲዮን በኩል ያልተፈለገ አየር ይገባል። የነዳጅ መስጫው ሲረገጥ ለአፍታ ከደነገጠ የመርጫ ፓምፑ ደክሟል። ቤንዚን ከካርቡሬተሩ እየተንጠባጠበ ጢስ ከጠቆረ ደግሞ ጥፋቱ የሚገኘው ማይባክ በነደፉት ሣጥን ውስጥ ነው፤ ተንሳፋፊው ተበስቶ ቤንዚን ጠጥቷል፣ አለዚያም በመርፌው መቀመጫ ላይ ቆሻሻ ተቀምጦ እንዳይዘጋ አድርጎታል። በአሮጌ መኪኖች የነዳጅ ማጠራቀሚያ ውስጥ ዝገት የተለመደ በመሆኑ ይህ የመጨረሻው ችግር በብዛት ያጋጥማል። ማጣሪያውን ሳይቀይሩ ካርቡሬተሩን ብቻ ማጠብ ለሁለት ሳምንት ሰላም ከመግዛት አያልፍም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ካቻቢቴ ይዞ በቀጥታ ወደ ማስተካከያው ቪቴ በመሄዱ ነው። የካርቡሬተር የሚመስለው ብልሽት ካንዴላ ያረጀበት፣ የእሳት አሰጣጥ ጊዜው የተዛባበት ወይም የአየር ማጣሪያው በአቧራ የታፈነበት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ካርቡሬተር የሚነካው እነዚህ ሁሉ ከታዩ በኋላ፣ በመጨረሻ ነው። የካንዴላው ጫፍ ራሱ ምስክር ነው፤ ጥላሸት የለበሰ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ የነጣ ከሆነ አየር በዝቷል፣ ቡናማ ከሆነ ቅልቅሉ ደህና ነው።

የሚኒሞው ማስተካከል የሚጀመረው ሞተሩ በሚገባ ሞቆ፣ ቾኩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ነው። በአብዛኞቹ አሮጌ ካርቡሬተሮች የቅልቅሉ ቪቴ ወደ ውስጥ በቀስታ ሲጠብቅ ቤንዚኑ ይቀንሳል፤ ሞተሩ መሰናከል እስኪጀምር ድረስ ይጠበቃል፣ ከዚያም ዙሩ ከፍ ብሎና ረግቶ እስኪሰማ ድረስ ይላላል። ዙሩ ከፍ ያለበት ነጥብ ሲገኝ በዙር ማስተካከያው ቪቴ ወደ መደበኛው፣ ማለትም ለብዙዎቹ በደቂቃ 800 ገደማ ወደሆነው ዙር ይመለሳል። ቪቴውን መጨረሻ ላይ አጥብቆ ማሰር የመርፌውን ጫፍ ስለሚያበላሽ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተደፈነ ቀዳዳም በታመቀ አየር ይነፋል እንጂ በሽቦ አይጎረጎርም፤ የቀዳዳው ስፋት በሚሊ ሜትር መቶኛ ተለክቶ የተሠራ በመሆኑ አንዴ ከሰፋ መኪናው ዕድሜውን ሙሉ ቤንዚን ሲያባክን ይኖራል። ሥራው ሁሉ ከቤት ውጭ፣ ሲጋራና እሳት በሌለበት ቦታ መከናወን ይኖርበታል። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ሞተር የሚያወጣው ሽታ አልባ ጋዝ ሰው ይገድላል።

ለአዲስ አበባ ነዋሪ አንድ የሚጨመር ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር ጋር ሲነጻጸር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። በአውሮፓ ቆላማ ከተሞች ልክ የተሠራ የቤንዚን መርጫ እዚህ ሲደርስ ለዚያው ቤንዚን የሚመጥን አየር አያገኝም። ጭስ የሚያበዙና ቤንዚን የሚፈጁ አሮጌ መኪኖች ከእርጅናቸው ሌላ ይህም ምክንያት አላቸው፤ መፍትሔው አነስ ያለ ቀዳዳ ያለው መርጫ መግጠም ነው።

ወደ ማይባክ ታሪክ ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ በ1895 ፍሬደሪክ ሲምስ የተባሉ ነጋዴ የዳይምለርን ሞተሮች በእንግሊዝ ለማምረት 350,000 ማርክ ለመክፈል ሲስማሙ፣ ከማኅበሩ ተገፍተው የነበሩት ዳይምለር እንዲመለሱ ቅድመ ሁኔታ አቀረቡ። ዳይምለር ተመለሱ፤ ማይባክም የቴክኒክ ዳይሬክተር ሆነው ገቡ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ ማርች 6 ቀን 1900 ዳይምለር አረፉ። ማይባክ የ35 ዓመት ወዳጃቸውንና ከለላቸውን ያጡት ዋነኛ ሥራቸውን ሊሠሩ በተቃረቡበት ወቅት ነበር።

ከወር በኋላ ኒስ ከተማ የሚኖሩት ነጋዴ ኤሚል የሊኔክ 36 መኪናዎች በ550,000 ማርክ አዘዙ። ጥያቄያቸው ፈጣን፣ ዝቅ ያለና የማይገለበጥ መኪና ሲሆን፣ መኪናው በሴት ልጃቸው ስም መርሴዲስ ተብሎ እንዲጠራም ፈለጉ። ማይባክ በወራት ውስጥ ነድፈው ያጠናቀቁት ባለ 35 የፈረስ ጉልበት መኪና ባለአራት ሲሊንደር ሆኖ ሁለት ካርቡሬተሮች፣ ከተጨፈለቀ ብረት የተሠራ ሻንሲና የንብ እንጀራ የመሰለ ራዲያተር ነበረው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ መኪና ፈረስ የሌለው ጋሪ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ በማርች 1901 በኒስ በተካሄዱ ውድድሮች መርሴዲስ ተቀናቃኞቹን በልጦ ሲታይ ፈረንሳዮች ማይባክን የንድፍ አውጪዎች ንጉሥ ብለው ሰየሟቸው።

ክብሩ ከውጭ ሲመጣ በገዛ መሥሪያ ቤታቸው ያላቸው ቦታ ግን ዝቅ እያለ ሄደ። ታመው ከሥራ ርቀው በቆዩበት ጊዜ ኃላፊነታቸው ለሌሎች ተላለፈ። ሲመለሱ የተሰጣቸው የፈጠራ ቢሮ የተባለ ክፍል ሲሆን፣ የስሙን ያህል ሥልጣን አልነበረውም። የሚያቀርቡት ንድፍ እየተመለሰ፣ ውሳኔው በሌሎች እየተሰጠ ጥቂት ዓመታት ከቆዩ በኋላ እ.ኤ.አ በ1907፣ በ61 ዓመታቸው ማኅበሩን ለቀቁ። ሥፍራቸውን የተኩት የወዳጃቸው ልጅ ፓውል ዳይምለር ናቸው። ማይባክ ገንዘብ አምጪም ተናጋሪም አለመሆናቸው፣ በማኅበሩ ውስጥም የሚከራከርላቸው ሰው መሞቱ ለዚህ ዕጣ ሳይዳርጋቸው አልቀረም።

እ.ኤ.አ በኦገስት 1908 የቆጠሩ ፈርዲናንድ ፎን ዜፔሊን አየር መርከብ ኤሽተርዲንገን በተባለ ሥፍራ በእሳት ወደመ። ማይባክ ለአየር መርከቦቹ የተሻለ ሞተር ለመሥራት ለዜፔሊን ሐሳብ አቀረቡ፤ ልጃቸው ካርል ሊመሩት እንደሚችሉም አሳወቁ። በቀጣዩ ዓመት ፋብሪካው ተቋቁሞ የ29 ዓመቱ ካርል የቴክኒክ ኃላፊ ሆኑ፤ ፋብሪካው በኋላ የማይባክን ስም ይዞ ከ1921 ጀምሮ ውድ አውቶሞቢሎችን ለገበያ አቅርቧል። አባት በአማካሪነት ብቻ ተወሰኑ። ዩኒቨርሲቲ ላልገቡት መሐንዲስ የሽቱትጋርት የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል።

እ.ኤ.አ በኦገስት 1929 ግራፍ ዜፔሊን የተሰኘችው አየር መርከብ በአምስት የማይባክ ሞተሮች እየተገፋች ዓለምን ዞረች። ሞተሮቹ በዋናነት የተመገቡት በጋዝ በመሆኑ ካርቡሬተር ያስፈለጋቸው ወደ ቤንዚን ሲዞሩ ብቻ ነበር። ማይባክ ከአራት ወራት በኋላ፣ ዲሴምበር 29 ቀን 1929 በ83 ዓመታቸው ሽቱትጋርት ውስጥ አርፈው፣ ጎትሊብ ዳይምለር ባረፉበት የካንሽታት መካነ መቃብር ተቀበሩ።